ማጉያውና የእናቴ ጠገራ

አባቴ ማጉያ መነጽር ግዢልኝ ሲለኝ ዳዊት ሊደግምበት መስሎኝ ነበር። "ዳዊቱንማ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ጠገራዎቹን ላይበት ነው" አለኝ።

ጠገራ የሚለው ድሮ ይገበያዩበት የነበረውን፣ የነጭ ንግሥት መልክ ያለበትን ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። አምስት አሉት። ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለው የገጠር ቤታችን ደብረ ማርቆስ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ከዳዊቱ ሌላ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ የያዘው እነሱን ብቻ ነበር። አራቱን ከአባቱ የወረሳቸው ናቸው። አምስተኛዋ የእናቴ ናት።

እናቴ ያቺን ጠገራ በሠርጓ ከአያቴ ተቀብላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። መቀነቱ ሲያልቅ ወደ አዲሱ ታዛውራታለች እንጂ ከወገቧ አታርቃትም ነበር። ገበያ ስትወጣ፣ ጤፍ ስታርም፣ እኔን ስታምጥ ጭምር አብራት ነበረች። ትንሽ ሳለሁ ከጎኗ ስለጠፍ ያቺ ደረቅ ቋጠሮ ግንባሬን ትወጋኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከእናቴ ገላ አጥርቼ የማስታውሰው እሷን ነው። ስትሞት የገነዟት ሴቶች ቋጠሮውን ፈትተው ጠገራዋን አባቴ መዳፍ ላይ አኖሩለት። እሱም በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ከሌሎቹ ጋር ከተታት። ያን ቀን የሚያደርገውን የሚያውቅ ማን ነበር? በኋላ ሊለያት ሲፈልግ ዓይኑ ደከመ፤ አምስቱም አንድ ሆኑበት።

"የምለያት በክሯ ነው" ይል ነበር። "መቀነቷ ቀይ ነበረ። ቀዩ ክር ከፊደሎቹ መሀል ገብቶ ቀርቷል፤ ቅቤና ላቧ ደግሞ ከንግሥቲቱ ሻሽ ሥር ጠቁሮባታል። አጥርቶ የሚያሳይ መስታወት ብቻ አምጪልኝ፤ ካልለየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"ዓይንህማ ግንባር ሆኗል፣ ለዚህ አይደል መስታወት የምፈልግልህ?" ስለው ይስቃል።

ለይቶ ሊሰጠኝ ነበር የፈለገው፤ እኔ ልይልህ ብለውም "በገዛ ዓይኔ ለይቼ ነው የምሰጥሽ" ብሎ አይሆንም አለኝ። ልብሷ ለነዳያን ሄዷል፣ ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም፤ ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር ያቺ ብር ነች። ስለዚህ ለአባቴ ብቻ ብዬ አልነበረም የለፋሁት፤ እኔም ራሴ ክፉኛ ፈልጌያት ነበር።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ስለምውል ስለ መስታወት ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም። ገበያ ውስጥ አንዱን ባለ ሱቅ አስመርሬዋለሁ። ሠላሳ እጥፍ ያጎላል ተብሎ የተጻፈበትን ማጉያ ጋዜጣ ላይ ባደርገው መሀሉ ደህና ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ግን ፊደሉ ይጎብጣል፣ በጥቁሩ ቀለም ዙሪያም ቢጫና ሰማያዊ ይፈስሳል።

"ይሄ ፕላስቲክ ነው" አልኩት።

"እህቴ፣ አጎላ አይደል እንዴ? ሌላ ምን ፈለግሽ?"

"ያጎላል፤ ውሸትም ይጨምርበታል" ብዬው ወጣሁ። አንዲት ቀይ ክር ለምፈልግ ሰው፣ ከራሱ ቀለም የሚጨምር መስታወት ምን ይረባል?

አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ደግሞ ዓይን ላይ የሚገጠመውን ሞከርኩ። መስታወቱ ግሩም ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ያገኘሁትን ሳንቲም ባይበት ጭረቱ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ልከፍል ስል የአባቴ እጅ ትዝ አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማጉያ በበረታ ቁጥር የሚታየው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፣ የእጁም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል፤ ያን ብሰጠው ንግሥቲቱ ዓይኑ ፊት ስትሮጥ መዋሏ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ለሥልጠና አዲስ አበባ የሄደች ባልደረባዬን ለምኜ አስመጣሁ። አምስት እጥፍ ብቻ የሚያጎላ፣ ግን እውነተኛ መስታወት፤ እግር ያለው፣ ሳንቲሙ ላይ አስቀምጠው እጅ ሳያስፈልግ የሚያዩበት፣ ዙሪያውም ክፍት ሆኖ ብርሃን የሚያስገባ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ "ዛሬ መስታወትህን ይዤልህ እመጣለሁ" አልኩት።

ከሥራ ስመለስ አባቴ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጠበቀኝ። ከፊቱ ባለው በርጩማ ላይ አምስቱ ጠገራዎች በንጹሕ ነጠላ ላይ ተደርድረዋል። ያበራሉ። ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

"በአመድና በሎሚ ፈተግኳቸው" አለኝ ደስ ብሎት። እኛ አገር የብር ጌጥ ለዓመት በዓል እንዲህ ነው የሚታጠበው፤ መስቀሉም፣ አምባሩም። "ይሄን ያህል የተንከራተትሽለትን መስታወት በእድፍ ልቀበለው? አሁን ጥርት ብለው ይታዩኛል።"

ከአጠገቡ ቁጭ አልኩ። ማጉያውን ከእጄ ተቀብሎ የመጀመሪያዋ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ።

"ኧረ! ዕንቁዋን አየሁት! የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ዕንቁ አየሁት ልጄ!"

ለስንት ጊዜ ያላየውን ነበር ያየው። እየሳቀ ወደ ሁለተኛዋ አለፈ፣ ወደ ሦስተኛዋ። አገላበጣቸው። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆሞ ነበር። ከመጀመሪያዋ ጀመረ እንደገና።

"ክሩ የለም" አለ። "አንቺ እዪልኝ፣ ያንቺ ዓይን ደህና ነው።"

አየሁ። መስታወቱ ምንም አልደበቀኝም። አመዱ የጫረው ቀጫጭን መስመር ሳይቀር ይታያል። በየፊደሉ መሀል፣ ከሻሿ ሥር፣ ሁሉም ጥርግ ብሎ ነጽቷል። ያን ጊዜ ምነው ያንን የውሸት ፕላስቲክ በገዛሁት አልኩ፤ ቢያንስ ጥርጣሬ ይተውልኝ ነበር።

"አባዬ፣ ታጥባለች" አልኩት።

ወዲያው አልገባውም። ከዚያ ሁለት እጆቹን አንስቶ ተመለከታቸው፤ በጥፍሮቹ ሥር አመድ ነበረ።

"ሴቶቹ አንዴ አጠቧት" አለ። "እኔ ደግሞ ደገምኳት።"

አባቴ በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

ማጉያውን አነሳሁና ወደ ጓሮ ዞርኩ። የታጠቡበትን ውኃ የደፋበት ቦታ ገና እርጥብ ነበረ፤ አመዱ ሣሩ ላይ ተኝቷል። ተንበርክኬ ማጉያውን አመዱ ላይ አስቀመጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከአንዱ ቦታ ወደ አንዱ እያነሳሁ አየሁ። የሎሚ ፍሬ አየሁ፤ የከሰል ፍርፋሪ አየሁ፤ ሣር አየሁ።

አባቴ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። እጁን ዘርግቶ እርጥቡን አመድ በጣቶቹ ቀስ እያለ ያሸው ጀመር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበር።

"አገኘሽው?" አለኝ።

"ገና ነኝ" አልኩት።