ተራራ ለማየት የመጡ ለቀስተኞች

ወንድሙ ወልድያ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራው አካፋና ዶማ ማስረከብ ነው፤ ሙያው ግን ስለ ተወለደበት ተራራ ማውራት። ከመርሳ በላይ ያለው ሰንሰለት ከተነሳለት ምራቁን እንኳ አይውጥም። «የኛ አገር ደመናው ከእግር በታች ነው! ሣሩ በሬ ይውጣል! የምንጩ ውሃ ጥርስ ያረግፋል!» ይላል። ሰሚው ሁሉ አፉን ይከፍታል። «ለመሆኑ አንተ መቼ ሄድክ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ለዚህም ፈጣሪውን ማመስገን ነበረበት።

ያሳደጉት አጎቱ አያ በላይ ኅዳር ላይ ሲያርፉ ወንድሙ ለቅሶ አልደረሰም። መርዶው የመጣ ቀን ስብሰባ ነበረ። በማግሥቱ ደግሞ የስብሰባው ግምገማ። ከዚያ በኋላ ሐፍረቱ ራሱ አላስኬድ አለው፤ የዘገየ ለቀስተኛ ባደረ ቁጥር እግሩ ይከብዳልና። የአጎቱ ሚስት እትዬ ብዙነሽ «ከእጄ የጎረሰ ልጅ እርሙን ሳያወጣ ቀረ» ማለታቸውን ከገበያተኛ ሰምቷል። እሳቸው ፊት መቆም ያስፈራዋል። እዚያ ቤት ተመልሶ መግባት ደግሞ ይናፍቀዋል፤ ከሳቸው ሌላ እናት አያውቅማ።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት መሥሪያ ቤቱ «አገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ እንዲያቋቁም ከላይ ታዘዘ። ሊቀ መንበር የሆነው ጓድ ተስፋዬ ነው፤ ከአስፋልት ወርዶ የማያውቅ፣ ስለ ገጠር ግን ሦስት ሰዓት የሚናገር ሰው። ትእዛዙ የደረሰው በነሐሴ ስለሆነ ጉዞውም በነሐሴ ሆነ፤ ዝናብ መመሪያ አይሽርም።

«የት እንሂድ ጓዶች?»

«እኛ አገር!» ብሎ ወንድሙ ብድግ አለ። «ማረፊያው የኔ ጉዳይ ነው። እናቴ ቤት አለ!»

ይህን ያለው አስቦበት ነው። እትዬ ብዙነሽ በእንግዳ ፊት አይቆጡም። ወሎ ውስጥ እንግዳ ከገባ ቂም ጓዳ ይገባል። እናም በሰው ተከልሎ ሊገባ ቆረጠ።

መኪናው መርሳ ላይ አወረዳቸውና ሽቅብ ጀመሩ። ጭቃው ጫማ ይቀማል። ዝናቡ ከላይ፣ ጎርፉ ከታች፣ የጓድ ተስፋዬ መዝሙር ከመሐል። ጓድ አንገቱ ላይ ያሰረው የክበቡ ቀይ ጨርቅ ቀለሙን ለቆ አንገቱንና ሸሚዙን አብዮታዊ አደረገው። ታይፒስቷ አስካለ ላስቲክ ተከናንባ ትስቃለች።

«ውበቱ የቱ ጋ ነው?» አለ ጓድ ተስፋዬ እያለከለከ።

«ከጉሙ በስተኋላ ነው ጓድ።»

«ከጉሙ በፊትስ?»

«ከጉሙ በፊት ገደል ነው። እባክዎ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ።»

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጆንያ የተከናነቡ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የእትዬ ብዙነሽ ጎረቤት አያ አብዱልሐሊም ናቸው። ወንድሙን አቅፈው ትከሻውን መቱት።

«ወንድሙ! ኧረ አልሐምዱሊላህ! ዘግይተህም ቢሆን ለቀስተኛ አስከትለህ መጣህ! ጉሙ ሳይዘጋን ከታች ስትመጡ አይተን ለብዙነሽ ነግረናታል። ጎረቤቱን ጠርታ ንፍሮ ጥዳለች። የወልድያ ሹማምንት ለበላይ ሊያለቅሱ መጡ ብላ እንዴት እንደኮራች!»

ወንድሙ የሆነው ገባው። የተራራው ሰው ምን ያድርግ! በነሐሴ ጭቃ ሰው በሰልፍ ሽቅብ የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ከአዳም ጀምሮ አልታየም።

«አያ አብዱልሐሊም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚህ እኮ ተራራውን ሊያዩ ነው የመጡት።»

«ተራራውን? ተራራው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። እንዲያው ለማየት።»

ሽማግሌው ወደ ጉሙ ዞረው አዩ፤ እንግዶቹንም አንድ በአንድ አዩ። «እኔ አልነግራትም» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ይህን ሐፍረት በኔ አፍ አትሰማም። አንተው ታውቃለህ።»

ወንድሙ ወደ ጓድ ተስፋዬ ሄዶ ለቅሶ መግባት ግድ እንደሆነ አስረዳ። ጓድ ተስፋዬ ተቆጣ። ለቅሶ በፕሮግራሙ አልተያዘም፤ ኋላ ቀር ልማድም ነው።

«ምግብ አለ?» አለ ቀጥሎ።

«ለለቀስተኛ አለ፤ ለተራራ ተመልካች ግን እንጃ።»

ጓድ ተስፋዬ ጥቂት አሰበና ከሰፊው ሕዝብ ሐዘን መነጠል ተገቢ እንዳልሆነ ተናገረ። ሆድ ሲጠይቅ ፍልስፍናው ቶሎ ይበስላል።

ወደ ቤቱ ሲቀርቡ ሴቶቹ በእሪታ ተቀበሏቸው። ጓድ ተስፋዬ እንዴት እንደሚለቀስ አላወቀምና በሰልፍ እንደለመደው ክንዱን አነሳ፤ አስካለ ጎትታ አወረደችው። ወንድሙ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወይኔ አጎቴን!» እያለ ገባ። መጀመሪያ ለአፉ ያህል ነበር። ግን ከምሰሶው አጠገብ የአያ በላይ መደብ ባዶውን ቀርቷል። ልጅ ሳለ ብርድ ሲይዘው በጋቢያቸው ጠቅልለው ያስተኙት እዚያ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው ለቅሶ የዘጠኝ ወር ነበረ። አስካለም የማታውቃቸውን ሽማግሌ ከልቧ አለቀሰችላቸው። ለቅሶ እንዲህ ነው፤ እግዜር ሲፈቅድ በውሸት ገብተው በእውነት ይወጡበታል።

ሲረጋጋ ጓድ ተስፋዬ ሊያጽናና ተነሳ። ደግ ሊሠራ ነበር፤ ንግግሩ ግን አንዴ ከተጀመረ እሱን ራሱንም አይሰማም። «የጓድ በላይ ኅልፈት እጅግ ያሳዝናል። የአገርህን እወቅ ክበባችንም ይህን ለምለም ተራራ ሊጎበኝ በመጣበት አጋጣሚ...»

አስካለ ሸሚዙን ሳበችው። ቃሉ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

እትዬ ብዙነሽ ወደ ወንድሙ ዞሩ።

«እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ ልጄ?»

አያ አብዱልሐሊም ጨዋታ ሊያስቀይሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሙ እንደ ልማዱ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ሥራ ሊያወራ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።

«ተራራ ሊያዩ ነው እትዬ።»

«አንተስ?»

«እኔማ እርስዎን ፈርቼ ነው። ብቻዬን መምጣት አቃተኝ። በሰው ተከለልኩ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እትዬ ብዙነሽ ግን አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። እንባው ያራሰውን ፊቱን ብዙ አዩት።

«እኔን ፈርተህ!» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አሮጊቷ ነኝ ዘጠኝ ወር መንገድ የዘጋሁብህ? በል ተነስ።»

ሊያስወጡኝ ነው ብሎ ተነሳ። እሳቸው ወደ ጓድ ተስፋዬ ዞሩ። «እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ ለምንም ብትመጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘመኑ ተራራ የሚያስጎበኝ ከሆነ ጎብኙ። ጾም ነው፤ ያለው ንፍሮና ሽሮ ነው።» ከዚያ የእጅ መታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አንስተው ለወንድሙ ሰጡት። «የቤት ሰው እንግዳ ሳይጠግብ አይቀመጥም። አስታጥብ!»

ወንድሙ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና ከአያ አብዱልሐሊም ጀመረ። ዓይኑን ከእትዬ ብዙነሽ ላይ ስላላነሳ ውሃው ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ዝናቡ ይበቃኛል» አሉ ሽማግሌው፤ «ለጓድህ አፍስስለት፤ አንገቱ ቀልቷል።»