ዳዊት እስኪደገም

አያቴ ስለ አደን ማውራት ከጀመሩ ከአጠገባቸው መነሣት አይቻልም። እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ መደቡ ላይ ተደርድረን «አባባ ጌጡ፣ የነብሩን፣ የነብሩን» እንላቸዋለን። ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ዘንድሮ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ፤ ቃላቸውን እንዳለ ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ድምፃቸውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «እኔ» የሚለው እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው።

ጥቅምት ነበር። ጣልያን ከወጣ ገና ብዙም አልቆየም። ያኔ የምኖረው እዚህ ጎንደር ከተማ አይደለም፤ ላይ አርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ ወረድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጢሜ ብቅ ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። ጤፉ ገና አልደረሰም፤ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ጠዋት ጠዋት ከቆላው ጉም እየተነሣ አገሩን ያለብሰዋል። በዚያ ወቅት ለአደን መውጣት ደግ አይደለም። ሣሩ አውሬውን ይሸሽግብሃል፣ ጤዛው ዱካውን ያጠፋብሃል።

ግን ምን እናድርግ። በጦርነቱ ዘመን ሰው ሰውን ሲያድን ስለከረመ አራዊቱ በዝቶ ነበር። አንድ ነብር ከገደሉ እየወጣ መጀመሪያ ውሻ፣ ቀጥሎ ፍየል፣ በመጨረሻም የመርሻን ወይፈን ገደለ። መርሻ እኩያዬ ነው፣ የጎረቤት ልጅ፤ ያን ወይፈን በበጋው ለቀንበር ሊገራው ተስፋ አድርጎ ነበር። መጣና «ጌጡ፣ በሬዬን ሳልጠምደው ነብር ጠመደልኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው የሚናገር፤ ዓይኑ ግን አይስቅም።

ሁለታችን አያ ተድላ ዘንድ ሄድን። በአካባቢው ነብር ገድለው የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን እኔ የደረስሁበት ዕድሜ ላይ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩና ዳዊት ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ነው። ነገሩን ስናጫውታቸው ብዙም አልጠየቁን።

«ዱካውን አይታችኋል?» አሉ።

«አይተናል።»

«ጥፍር አለው?»

መርሻ «ጥፍር የሌለው ነብር የት አለ፣ አያ?» ቢላቸው፣ «ዱካው ላይ ነው የምልህ፣ አንተ። ጅብ ጥፍሩን መሬት ላይ ያሳያል፣ ውሻም ያሳያል። ነብር ግን ሲሄድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ጨዋ ነው፤ ሰይፉን መዝዞ አይዞርም» አሉት።

በነጋታው ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። አያ ተድላ አሮጌ ውጅግራቸውን ይዘዋል፤ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና መጉረስ ያለበት ጠመንጃ ነው። እኔ ከጣልያን የተማረከ ደህና ጠመንጃ አለኝ፤ መርሻ ጦር ብቻ። በሶ በአቁማዳ፣ ውሃ በቅል። የወይፈኑ ትራፊ አንድ ዋንዛ ሥር ወድቆ ነበር። ነፋሱ ከዚያ ወደ እኛ እንዲመጣ አድርገን ከቋጥኝ ጀርባ አድፍጠን ተቀመጥን።

ነብር ሲመጣ አይታይም፤ ከመጣ በኋላ ነው የሚታይ። ዋንዛው ሥር ማንም አልነበረም፤ ደግሞ ስመለከት ቆሟል። እንዲያ ያለ ቆንጆ ፍጡር አይቼ አላውቅም። አያ ተድላ ክርናቸውን ጎኔ ላይ ጫን አደረጉ፤ ተኩስ ማለታቸው ነው። ተኮስሁ። ነብሩ ወደ ላይ ዘለለ፣ ዞረ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ዳር አጋም ጥሻ ገባ። ዋንዛው ሥር ወርደን ስናይ ደሙ ጥቁር ነው። አያ ተድላ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ሆዱን ነው» አሉ። ደረቱን መምታት እንደነበረብኝ አውቄያለሁ።

የቆሰለ ነብር ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ወዲያው አይከተሉትም። ቁስሉ ትኩስ እያለ ሕመሙንም አያውቀው፤ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ ንዴቱም ሙሉ ነው። ሲቆይ ደሙ ይፈሳል፣ እግሩ ይተሳሰራል። ስለዚህ መጠበቅ ነው። ግን እስከ መቼ? ሰዓት የሚባል ነገር ክንዳችን ላይ የለም። ፀሐይ ያለ እንደሆነ አያ ተድላ ጥላቸውን በእግራቸው ሰፍረው ጊዜውን ይናገሩ ነበር። ያን ቀን ግን ጉሙ ወፍራም ነው፤ ሰውም ዛፍም ጥላ የለው። እንዲህ ሲሆን የሚቆጥሩት በዳዊት ነው። ዳዊት በአሥር በአሥር መዝሙር ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል።

«ሦስት ንጉሥ እንቆያለን» አሉ። «ሳልጨርስ ከዚህ የሚነቃነቅ የለም።»

ሌላም ሕግ ነበር። ቆይታውን የቆጠረ ሰው፣ በቃ ሲል ወደ ጥሻው ቀድሞ የሚገባ እሱ ነው። ሌላውን በራሱ ቁጥር እንዳያስበላ ነው መቼም። እኔ ልቅደም ብላቸው አያ ተድላ አይሰሙኝም፤ አላልኋቸውም።

መርሻ ዝም ማለት አይችል። «አያ፣ ነብሩ ንስሐ ገብቶ እንዲሞት ነው የሚደግሙለት?» አለ።

«አንተ ዝም በል። አባታችን ሆይን እንኳ ሳታዛንፍ አትጨርስም» አሉትና ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ የእኔን ጭንቀት ተመልከቱ። የተኮስሁት እኔ፣ ያበላሸሁት እኔ፤ ልቤ ጥሻው ውስጥ ነው። ጉሙ ሸሚዜን አርሶታል። አንዲት ጉንዳን በቋጥኙ ላይ ስትወጣ አየኋት፤ ስትደርስ ያረጀሁ መሰለኝ። መርሻ ጦሩን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይለዋውጣል። «መዝሙሩ ጨመረ እንዴ ዘንድሮ?» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ ሳቄን በጋቢዬ አፈንሁት። ከዚያ ሳቁም አለቀ፤ ጊዜው ግን አላለቀም።

በመጨረሻ አያ ተድላ አማተቡ። «በቃ» አሉ።

«ተመስገን፤ እኔስ ልሸብት ነበር» አለ መርሻ። እኔም ግማሽ ቀን ያለፈ መስሎኝ ነበር። በእመብርሃን፣ አንዴ እንኳ አልተጠራጠርሁም።

አያ ተድላ ቀደሙ። እኔ ከኋላቸው በቀኝ፣ መርሻ በግራ። ደሙ ከቅጠል ቅጠል ይታያል። አንዱን ቅጠል በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት፤ እርጥብ ነው፣ ያጣብቃል። ከጉሙ ነው ብዬ አለፍሁት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ወፎቹ ዝም አሉ። አያ ተድላ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙን። አንድ እርምጃ ጨመሩ።

አላገሳም። የአጋሙ ቅርንጫፍ ሲሰነጠቅ ብቻ ሰማሁ። ውጅግራው ጮኸ፤ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። ነብሩ አያ ተድላን ደረታቸው ላይ ወጥቶ በጀርባቸው ጣላቸው። እሳቸውም የግራ ክንዳቸውን ከነጋቢው አፉ ውስጥ ወተፉበት፣ አንገታቸውን እንዳያገኘው። ግን የኋላ እግሩ ሥራውን ይሠራል። ጠመንጃዬን ደግኛለሁ፤ ብተኩስ የምመታው ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱ አንድ አካል ሆነዋል።

ያቺን ቅጽበት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ ቆመ። የነብሩ ጆሮ ላይ የሣር ፍሬ ተጣብቆ አየሁ። የአያ ተድላ ጫማ ከእግራቸው ወጥቶ ሲንከባለል አየሁ። መርሻ አፉን ከፍቷል፣ ጩኸቱ ግን አልደረሰኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት የረዘመ ዓመት ግን አላየሁም።

መርሻ ጦሩን በጎድኑ ሰካበት። ነብሩ ወደ እሱ ሲዞር አንገቱ ተገለጠልኝ፤ አፈሙዙን አስነክቼ ተኮስሁ።

ሁለት የወይራ እንጨት ቆርጠን፣ ጋቢያችንን አስረን ቃሬዛ ሠራን። ያ አቀበት! ስንወርደው አላየነውም ነበር። አያ ተድላ አይናገሩም ብለን ስንፈራ፣ ከመሀል መንገድ ላይ «ቀስ በሉ እንጂ። ነብሩ እንኳ እንዲህ አላንገላታኝም» አሉ። መርሻ እየሳቀ ማልቀስ ጀመረ። አፋፉ ላይ ስንወጣ ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ራስ ብዙም አልራቀችም። አየኋት፤ ግን የሚሞት ሰው ተሸክሜ ስለ ፀሐይ ማሰብ አልቻልሁም።

ከማዶ የምትኖር እህታቸው መጥታ ቁስሉን በቅቤና በማር ያዘችው። የነብር ጥፍር ግን መርዝ ነው፤ ሆዳቸው ላይ ያለው ማመርቀዝ ጀመረ። ትኩሳቱ ተነሣ። የእህታቸው ልጅ ዲያቆን ነበርና በራስጌያቸው ተቀምጦ ዳዊት ያነብላቸው ጀመር። እኔ ከእግራቸው ሥር ነኝ። ልጁ ሲጀምር የፀሐይዋ ብርሃን ደጃፉ ላይ ነበረች። ያነባል፤ አይቸኩልም፣ እያንዳንዷን ቃል ያሟላል። ብርሃኗ ደጃፉን አልፋ ወለሉን ያዘች። ያነባል። መደቡን መውጣት ጀመረች።

አያ ተድላ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምነው ይኸ ልጅ አረዘመው?» አሉ።

«ሦስተኛው ንጉሥ ነው፣ አባ፤ ልጨርስ ነው» አለ ልጁ።

«ሦስተኛው?» አሉ። ብርሃኗን አዩዋት፣ ደጃፉን አዩት። የአጋሙ ቅጠል፣ እርጥቡ ደም፣ ያቺ ፀሐይ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ጌጡ» አሉኝ።

«አቤት፣ አያ።»

«ልጁ አላረዘመውም። እኔ ነኝ ያሳጠርሁት።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «በተማሪነቴ አንዱን ንጉሥ ሳደርስ እግሬ ይደነዝዝ ነበር። አንዲት ቃል አልዘልም፣ ዛሬም አልዘልም። ግን አፌ ለመደውና ሳይነግረኝ መሮጥ ጀመረ። ዘመኔም እንዲሁ ነው የሄደ። ልጅ ሳለሁ ከመስቀል እስከ መስቀል ስንት አገር ነበር። ኋላ ኋላ ደመራውን ለኩሼ ዞር ስል ደግሞ ደመራ ነው። እኔ እኮ የዓለሙ ነገር የፈጠነ ይመስለኝ ነበር።»

«አያ፣ ለእኛም ረዝሞብን ነበር እኮ» አልኋቸው፤ ማጽናናቴ ነው።

ፈገግ አሉ። «ለአንተማ ይረዝማል። ከፊትህ ያለው ብዙ ነው፤ ምን ያስቸኩለዋል።»

ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። መርሻ የነብሩን ቆዳ አልወስድም አለ፤ እኔም አልነካሁት። እህታቸው ከቤት አውጥታ የት እንደጣለችው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ባደንሁበት ዘመን ሁሉ፣ በቃ ሲለኝ ያንኑ ያህል እጨምርበት ነበር። አብረውኝ የሚሄዱት «ጌጡ ፈሪ ሆነ» ይሉኛል። ይበሉ። በእኔ ቆይታ የተጎዳ ሰው የለም። ቢሆንም ያ ሁሉ ቆይታ የአያ ተድላን አንዲት ጠዋት አይመልስልኝም። እናንተ የክረምት ዕረፍት ሲገባ ማለቂያ የሌለው ይመስላችኋል፤ ደግ ነው፣ ይምሰላችሁ። ለእኔ ጥምቀት አለፈ ስል ፋሲካ ነው፤ ፋሲካ ስል ቡሄ ይጮኻል። እንዲህ ሲያጥር ደግሞ ለባለቤቱ አይሰማም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

አምና አንድ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ስነሣ፣ አያታችሁ አየችኝና «ምነው፣ ዛሬ ተውኸው እንዴ?» አለችኝ።

«አድርሻለሁ» አልኋት።

«መቼ ጀመርኸውና? ዱሮ አንተ ለጸሎት ስትቆም እኔ ምንጭ ወርጄ እመለስ ነበር። አሁን እንስራዬን ሳላነሣ ትጨርሳለህ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም። አንዲት ቃል አልዘለልሁም፣ በጊዮርጊስ፤ ለእኔ ያው የዱሮው ጸሎት ነው። በዚያው ሰሞን ጠመንጃዬን ለአጎታችሁ ሰጠሁት።

እኔንስ እሷ ነገረችኝ። አያ ተድላ ሚስታቸው ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበርና፣ የጸሎታቸውን ርዝመት የሚነግራቸው ሰው በቤታቸው አልነበረም። ያን ቀን አጠገባቸው የነበርን እኔና መርሻ ነን፤ እኛ ደግሞ ረዘመብን።