የአንሶላው ዱቄት

ባለፈው ሳምንት በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ የሳሙና ዱቄት ከረጢት በጥርሷ ቀድዳ ሳፋ ውስጥ ስትገለብጠው፣ ሽታው በመስኮቴ ገብቶ ከተቀመጥኩበት አስነሣኝ። አፍንጫን ቆንጥጦ ዓይን ድረስ የሚወጣ፣ ንጹሕ መስሎ የሚያቃጥል ሽታ ነው። ሌላ ሰው ሲሸተው ነጭ አንሶላ ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ አንዲት እናት ይታዩኛል፣ ሰማያዊ ሳፋ በጎናቸው ታቅፈው በመርካቶ ግርግር መሀል ወደ አባቴ ሱቅ የሚመጡ።

ሱቋ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ዳር ነበረች፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ እስከ ላይ ድረስ ሳሙና የተደረደረባት። አባቴ ወልዴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ሊስትሮ ሠርቶ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ በመጨረሻ ሱቋን ያገኘ ሰው ነበር፤ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ከሳሙና ሌላ ነገር ሸጦ አያውቅም። በሩ ላይ አፋቸው የተጠቀለለ ሦስት ጆንያ ዱቄት ሳሙና ይቆሙ ነበር። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ለቀለማም ልብስ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላው፣ ለስላሳው፣ ለሕፃን ልብስ፣ ለሹራብና ለሀገር ልብስ ነው። ሦስተኛውን፣ በረዶ የመሰለውን፣ አባቴ «የአንሶላው» ይለው ነበር፤ የሆቴል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ እንደ በረኪና የሚያነጣ፣ ቀለም ካገኘ ግን የሚበላ ኃይለኛ ዱቄት ነው።

አባቴ ለማንም ሰው ዝም ብሎ ሳሙና አይሸጥም ነበር። መጀመሪያ «ምን ሊታጠብ ነው?» ይላል፤ መልሱን ሰምቶም አይበቃውም፤ «ቀለሙ ይለቃል? ነጭ ከሆነ ጥለት አለው? የሕፃን ነው የትልቅ ሰው?» እያለ ይቀጥላል። የጋራዥ ቱታውን አንጠልጥሎ የመጣውን ወጣት፣ «ቅባቱን መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ጥረገው፤ ከዚያ በደረቁ ሳሙና ፈትገው፤ ዱቄት አታባክን» ይለዋል። ጋቢ ልታጥብ የመጣችውን ደግሞ፣ «ዱቄቱ ይቅርብሽ፣ እንዶድ ፈልጊ» ብሎ ባዶ እጇን ይሸኛታል። ጎናችን ባልዲና ሳፋ የሚሸጠው ከድር በዚህ ነገር ሳቁን መቆጣጠር አይችልም ነበር። ገዢ ሲበዛ ከወንበሩ ብድግ ይልና፣ «ካርድ ያላወጣችሁ ወደ ኋላ! ሐኪሙ ምርመራ ላይ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ቀጥሎም ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ወልዴ፣ አንተ አዘህ እስክትጨርስ ልብሱ ያረጃል እኮ» ይለዋል። አባቴ ፈገግ ሳይል፣ «አንተ ቀዳዳ ባልዲህን ሽጥ» ይለውና ወደ ምርመራው ይመለሳል።

በክረምት ሱቋ ጭር ትል ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ የታጠበው ሳይደርቅ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ሰንብቶ እየሸተተ፣ ሰው ብርድ ልብሱ ቢያድፍም ታግሦ የሚይዝበት ወቅት ነውና፣ አባቴ አዳዲስ ዱቄት የሚፈትነው ያኔ ነበር። ከየአከፋፋዩ በትንሽ በትንሹ ያመጣውን ቤት ይዞት ይገባና፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቀይ፣ ነጭና ሱፍ ቁርጥራጭ ጨርቆች በየራሳቸው ጣሳ ይዘፈዝፋል፤ በነጋታው አልቅልቆ ግቢው ገመድ ላይ በተራ ይሰቅላቸዋል። የግቢው ሴቶች በየበራቸው ቆመው ወንድ ልጅ ጨርቅ ሲያጥብ እያዩ ይሳሳቃሉ። እናቴ ደግሞ ሙቅ ውሃውን እያቀበለችው፣ «ሚስቱ የሞተችበት ሰው መሰልክ እኮ፤ ቆይ፣ በሕይወት መኖሬን ወጥቼ ላሳያቸው» ትለዋለች። እሱ ግን ጨርቆቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ፣ «የማላውቀውን ለሰው አልሸጥም» ይላል። እኔም ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ፣ የትኛው ቀለም እንደሸሸ፣ የትኛው ሱፍ እንደተኮማተረ ቀድሜ ለማየት እሽቀዳደም ነበር። ዓይኔ ፈጣን ስለነበረ ይወድልኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርምና የተማሪ ሹራብ ይመጣል፤ መስቀል ሲደርስ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ ልብሱን ለማጠብ ይሻማል። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ኋላ እንድቀመጥ አባቴ ፈቀደልኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሚዛን መያዝ፣ ፌስታል መቋጠር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠየቅን አስተማረኝ። እኔን ግን ጥያቄው ያሳፍረኝ ጀምሮ ነበር። የክፍሌ ልጆች በዚያ ሲያልፉ የከድርን ቀልድ ሰምተው፣ «የሐኪሙ ልጅ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበርና፣ አባቴ ዞር ባለ ቁጥር ጥያቄውን እዘለው ነበር። እስከዚያ ቀን ምንም አልሆነም።

በጥር፣ ለከተራ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መርካቶ በሙሉ ነጭ ልብስ የሚያጥብ ይመስል ነበር። ለስላሳው ዱቄት ሊያልቅ ሲል አባቴ ሌላ ጆንያ ሊያመጣ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አከፋፋዩ ዘንድ ወረደ፤ ሲወጣም፣ «ሳትጠይቂ እንዳትሰጪ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እኔ ግን ጠዋት አንድ ግጥም ጀምሬ፣ ቤት የሚመታልኝ ቃል አጥቼ፣ የሳሙና ካርቶን ክዳን ላይ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነበር።

እትዬ በለጡ የመጡት ያኔ ነው። ከአማኑኤል ድረስ በእግራቸው እየመጡ ከአባቴ ሌላ ከማንም ሳሙና የማይገዙ፣ አባቴ ገና ትከሻው ላይ ዕቃ ሲሸከም ጀምሮ የሚያውቁት ደንበኛችን ነበሩ።

«ወልዴ የለም እንዴ?» አሉ።

«አሁን ይመጣል።»

«እንግዲያው አንቺው ስጪኝ፣ ለነጭ ልብስ የሚሆነውን፣ ግማሽ ኪሎ። ልጄ ልታገባ ነው፣ ሰምተሻል? ሰርጉ ጥምቀትን ተሻግሮ...»

የቀረውን አልሰማሁም። የፈለግኩት ቃል ልክ ያን ጊዜ የመጣ መሰለኝና፣ እንዳይጠፋኝ በከንፈሬ እያነበነብኩ፣ ከበረዶው ጆንያ ግማሽ ኪሎ ዝቄ፣ ፌስታሉን ቋጥሬ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ቃሉም አልሆነልኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ረፋድ ላይ ሰማያዊውን ሳፋ ታቅፈው መጡ። ባንኮኒው ላይ ሲያሳርፉት ውሃው ተፈናጥቆ ፊቴ ላይ ደረሰ። ውስጡ የሀገር ልብስ ቀሚስ ነበር፣ ከእናታቸው የወረሱት፣ ደረቱ ሰፊ ጥበብ የተሠራበት፣ ለልጃቸው ሰርግ ሊለብሱት አውጥተው የዘፈዘፉት። ቀይ የነበረው ጥበብ ገርጥቶ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ተለውጦ፣ ሁለቱም ነጩ ላይ ፈስሰው ነበር።

«ወልዴ፣ ይኼ ምንድን ነው የሰጣችሁኝ?»

አባቴ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሸተተው። ወዲያው ገባው። «የአንሶላው ነው» አለ በቀስታ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጠይቀሻቸዋል?»

ገበያው ቆሞ ያይ ነበር። ከድር ከባልዲዎቹ መሀል አንገቱን አስግጓል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ጭነታቸውን ሳያወርዱ ቆመዋል፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ተጠጋግተዋል።

«ጠይቄያቸዋለሁ» አልኩ።

«ምን አሉሽ?»

«አንሶላ ነው አሉኝ።»

ያን ቃል ለማግኘት አንዲት ሰከንድ እንኳ አልፈጀብኝም።

«እኔ? አንሶላ?» እትዬ በለጡ አማተቡ። «አንቺ ልጅ፣ እግዜርን ፍሪ! አንሶላ የሚል ነገር ከአፌ ወጥቷል?»

አባቴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «እትዬ በለጡ፣ የሰርግ ጣጣ ነው፤ ሐሳብዎ ተበታትኖ ይሆናል። ልጄ አትዋሽም» አላቸው።

ከኋላ አንዷ፣ «ውይ እናት፣ ራስዎ ተሳስተው በሰው ልጅ ያሳብባሉ?» አለች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቀ። አባቴ ሳፋውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «ይስጡኝ፣ እኔ ራሴ በብዙ ውሃ ላለቅልቀው፤ ምናልባት...» ሲል፣ እትዬ በለጡ መልሰው ያዙት።

«ቃሌን ካላመንከኝ ውሃህ ምን ያደርግልኛል?» አሉት።

ሳፋውን በጎናቸው አድርገው፣ ውሃው ቀሚሳቸው ላይ እየፈሰሰ፣ በሰው መሀል ሄዱ። ሰርጉ ላይ ከጎረቤት የተዋሱትን ቀሚስ ለብሰው ልጃቸውን እንደዳሩ የነገረን ከድር ነበር። ያን ቀን አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ እትዬ በለጡ ወደ ሱቃችን አልመጡም። አንዳንድ ቀን ከማዶ፣ በሌላው የመንገዱ ጠርዝ ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ወደ እኛ አያዞሩም። አባቴም ያያቸዋል፣ ያዝናል፣ ግን «አይ እርጅና» ብሎ ያልፈዋል። የእኔ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይቺ ልጄ ብቻዋን ትበቃኛለች፤ አትዋሽም» ይል ጀመር። ይህን ባለ ቁጥር እኔ ጎንበስ ብዬ ፌስታል እቆጥራለሁ። ጾሙ ሲገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ፋሲካ ዋዜማ ገበያው ደርቶ ደስ ብሎት አየሁትና ደስታውን ማበላሸት ፈራሁ። ክረምት ገብቶ ብቻችንን ጨርቅ ስንፈትን ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ተናገርኩ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ውሸቱ ብቻውን አልነበረም፤ ዝም ያልኩባቸው ወራትም አብረው መናገር የሚያስፈልጋቸው ሆኑ። እንዲህ እያልኩ አደግሁ።

ሱቆቹ ፈርሰው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተሠራባቸው። አባቴ ጉልበቱ ስለታመመ ሌላ ሱቅ አልፈለገም። ጆንያዎቹ ቀርተው ዱቄቱ አሁን ፊቱ በሚያብረቀርቅ ትንንሽ ከረጢት ይሸጣል፤ ብዙው «ለሁሉም ዓይነት ልብስ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ አባቴ ያን ሲያነብ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ባለፈው ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሁድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔ ጋቢውን አጥብለት ነበር። በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ፣ «አትጠምዝዢው፣ ጭመቂው ብቻ» እያለ ያዘኛል። እጄ እንዶዱ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ሳልል፣ «አባዬ፣ እትዬ በለጡን ያን ጊዜ አልጠየቅኳቸውም» አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሞክር የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ይኼን ያህል አጭር ነበር።

ወንበሩን ወደ ሳፋው አስጠጋ።

«አንሶላ አላሉሽም?»

«አላሉኝም።»

«ምን ነበር ያሉሽ?»

«ልጄ ልታገባ ነው ነው ያሉኝ።»

«ኮቴን አምጪልኝ» አለ። ጋቢውን ሳፋው ውስጥ እንደዘፈዘፍነው ትተን፣ በታክሲ አማኑኤል ወረድን። የሚያውቀው መንደር አልነበረም፤ ቤቶቹ ፈርሰው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ጥግ ላይ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ስማቸውን አስታወሰች። «በለጡ? ቤቷ ሲፈርስ ልጇ ወሰደቻት፤ የት እንደሆነ ግን እንጃ አባቴ፣ የዚህ ሰፈር ሰው ተበትኗል» አለችው። አባቴ አጥሩን ይዞ ቆመ። ስንመለስ፣ ታክሲው ውስጥ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለኝ መስኮቱን እያየ። «ሰው ፊት ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሃያ ስምንት፣ በአማኑኤል ዕለት፣ ምርኩዙን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆማል፤ ለንግሥ ወይም ለቅዳሴ ይመጡ ይሆናል ብሎ የአሮጊቶቹን ፊት አንድ በአንድ ያያል። እስካሁን አላገኛቸውም።

እኔን አልተቆጣኝም። ስመጣ ደስ ይለዋል፣ ስሄድ በር ድረስ ይሸኘኛል፣ የጻፍኩትን ሳነብለት እስከ መጨረሻው ያዳምጠኛል። ያኔ በመርካቶ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ቃል ይዞ የስንት ዘመን ደንበኛውን ውሸታም አድርጓል። አሁን እሁድ እሁድ ልብሱን ገመድ ላይ አስጥቼለት ስገባ፣ «አባዬ፣ ሊዘንብ ነው፤ ላስገባው?» ስለው፣ «እስቲ» ይልና፣ የሚያመውን ጉልበቱን በሁለት እጁ ደግፎ ይነሣል፤ ቀስ እያለ በሩ ጋ ይደርስና፣ አንገቱን አውጥቶ ሰማዩን ራሱ ያያል።