አካፋውን የነጠቅኳቸው ቀን

ዝናብ ባቆመ ማግስት ኦሃዮ ውስጥ በሪከንባከር የመጋዘን ሰፈር በኩል ሳልፍ የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የከባድ መኪናው ጢስ ይገባል፤ ቀጥሎ ከመጋዘኖቹ ጀርባ የረጠበ ሸክላ አፈር ይሸተኛል። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሆላንዳዊ ሽማግሌ በማላውቀው ቋንቋ ይሰድቡኛል።

እናቴና እኔ በዲቪ ከመጣን ዓመት አልሞላንም ነበር። እሷ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች፤ እኔ ደግሞ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንድረዳ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ሰው እኚህ ሽማግሌ ሆኑ። እርሻቸው በሦስት ወገን በመጋዘን ተከቧል። ጎረቤቶቻቸው በሙሉ ሸጠው ሄደዋል፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለው ተቀመጡ። ገና ሳያቸው ወደድኳቸው፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ "እሺ" ማለት ይተናነቀኛል።

እዚያው ኦሃዮ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ ጠብቃ ትእዛዟን ሰጠችኝ።

"ወደ ቦዩ እንዳይወርድ። ከወደቀ ደግሞ ወዲያው ንገሪኝ። አንድ ጊዜ ከወደቀ መጦሪያ ቤት ይገባል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።"

የቦዩ ነገር እንዲህ ነው። ያ መሬት ውሃ ይቋጥራል። ሽማግሌው የተወለዱት ከባሕር ወለል ዝቅ ባለ አገር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግድቡ ተሰብሮ የአባታቸውን እርሻ ባሕር ሲውጠው በዓይናቸው አይተዋል። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ኦሃዮ መጡና ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ረግረግ ያዙ። ውሃውን ማስወጫ ቦይ በእጃቸው ቆፈሩ። የመጀመሪያውን በቆሎ እንደሰበሰቡ የአሜሪካ ጦር መልምሎ ኮርያ ላካቸው። ሲመለሱ ቦዩ በደለል ተደፍኖ ቆያቸው፤ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ቦዩን ሳይጠርጉ ያለፉበት ዓመት የለም። መሬቱ አሁን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በዘነበ ቁጥር ውሃው እንደ ድሮው ይተኛበታል፤ ሳየው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም።

ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው "ኮርያ ላይ አይቻቸዋለሁ" አሉ። ስለ ጀግንነታችን ሊያወሩልኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። "እንደ እኔው ብርድ አይችሉም ነበር" አሉና ወደ ሾርባቸው ተመለሱ።

በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ስተኩስ ቆይቼ በመስኮት ሳይ ሽማግሌው የሉም። ሮጬ ስወጣ ቦዩ ውስጥ ናቸው፤ ቦቲያቸውን አጥልቀው አካፋውን ጭቃው ውስጥ ይሰዳሉ። ሲያወጡት ጭቃው የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ባደግኩበት ቤት ሽማግሌ ሲሠራ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ትቀበላለህ። "ኧረ ግድ የለም" ይሉሃል፤ ትታገላለህ፤ በመጨረሻ ትነጥቃለህ፣ ይመርቁሃል። ሌላ መንገድ አላውቅም ነበርና ወርጄ አካፋውን ጨበጥኩ።

"ጋሼ፣ ይስጡኝ።"

"ተዪኝ" አሉ።

ይሉኝታ መሰለኝና ሳብ አደረግኩት። እሳቸውም ሳቡ። ያለ የሌለ ኃይሌን ተጠቅሜ ነጠቅኳቸው። ምርቃቱን ስጠብቅ ሚዛናቸውን ስተው ጭቃው ላይ ዘፍ አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። "እጅሽን ሰብስቢ!" ብለው ጮኹብኝ፤ ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ የስድብ መዓት አወረዱብኝ። በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የቦዩን ዳር ሣር ጨብጠው ቀስ በቀስ ተነሡ። እኔ በእኛ አገር ይህ አክብሮት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ቁጣቸው በረድ አለ።

"የሚነጥቀኝ ሰው ሁሉ ለእኔ አስቦ ነው" አሉኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በይ አሁኑኑ ለልጅየዋ ኮል አድርጊላት። ሰው ነግሯት ብትሰማ ፋየር ታስደርግሻለች፤ ከሥራ ትባረሪያለሽ።" አልደውልም አልኳት። በእኔ ጥፋት ከቤታቸው ይውጡ? ሞቼ ነው ቆሜ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ ልትመረምራቸው መጣች፤ ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት። ልጃቸውም ከሥራ ቀርታ መጣች። ኩሽናው ውስጥ ፀሐይ ገብቶ ነበር፤ የቀቀልኩት የካሮት ሾርባ ይሸታል። ነርሷ ምንም ሳይደገፉ ከወንበሩ እንዲነሡ ጠየቀቻቸው። ጉልበታቸው ቦዩ ውስጥ ከወደቁበት ቀን ጀምሮ እንዳበጠ እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው።

ሞከሩ፤ እስከ ግማሽ ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። እጄ ሳላዘው ወደ ክንዳቸው ሄደ። መለስኩትና ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ሥር ቀረቀርኳቸው።

"ያዢው እንጂ!" አለች ልጃቸው።

"አልይዛቸውም" አልኳት።

ሁለተኛም ሞክረው ተቀመጡ። በሦስተኛው፣ ፊታቸው ደም መስሎ፣ ተነሡ። እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። ነርሷ ጻፈችና ወደ እኔ ዞረች።

"ወድቀው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው ወለሉን ያያሉ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ያ ውሸት እሳቸውን የሚያሳንስ መሰለኝ።

"አንድ ጊዜ። የጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ አካፋ ነጥቄያቸው። የተነሡት ግን ብቻቸውን ነው።"

በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። ነርሷ ብቻቸውን መኖር ይችላሉ ብላ ስለጻፈች እሳቸው ቤታቸው ቀሩ። እናቴ ለሳምንት ያህል አኮረፈችኝ፤ እኔ ግን አልተጸጸትኩም፣ ዛሬ ራሴ ነርስ ሆኜም አልተጸጸትኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግሬ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ ሌላ አካፋ ተደግፎ አገኘሁ። "ቦዩ ዳር ካለው ዛፍ ወዲያ ያለው ድርሻ የአንቺ ነው፤ የእኔን እንዳትነኪ" አሉኝ። ያን የኦሃዮ በጋ ሙሉ ጎን ለጎን ጠረግን።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጭር ብሎ ቆየኝ። ቦዩ ዳር አገኘኋቸው፤ ጀርባቸውን ሣሩ ላይ አስደግፈው፣ አካፋው ጭናቸው ላይ እንዳለ አርፈዋል። ቦዩ እስከ ዛፉ ድረስ ተጠርጎ አልቋል፤ ንጹሕ ውሃ ይፈስሳል። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ለልጃቸው ደወልኩ።

አስከሬን የሚያነሡት ሰዎች ወስደዋቸው ከሄዱ በኋላ ኩሽናው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

"ነርሷ የመጣች ቀን ብትይዢው ኖሮ መጦሪያ ቤት ገብቶ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር" አለችኝ።

"ይሆናል" አልኳት። "አሁንም ቢሆን አልይዛቸውም።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ የሳህን ማጠቢያውን ታይ ነበር።

"ምሳ በልቶ ነበር?"

"በልተዋል። ሳህኑንም አጥበው ደፍተውታል።"

ሳህኑን አነሣችው። ደርቋል። እሷ ግን ፎጣ ወስዳ ትወለውለው ጀመር፤ ደጋግማ፣ እንባዋ ጠብ ሲልበት እንደገና ትወለውለዋለች። ሳህኑን ሳልነጥቃት አጠገቧ ቆምኩ።