በዳማ ጆሮ ውስጥ የተገኘው

ከሪማ ውሻ ትጸየፋለች። ፒያሳ ባለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤቷ በር ላይ ውሻ ከቆመ ማሽኗን ትታ በመጥረጊያ ታባርራለች። በምትኖርበት ሆጤ ሰፈር ግቢ የሚጋሯት ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ፈንታሁን ግን ዳማ የሚባል ውሻ አላቸው። «ልጄ ነው» ይላሉ። እሷ በአጠገቡ የምታልፈው ቀሚሷን ሰብስባ ነው።

ባለፈው መስከረም ጋሽ ፈንታሁን እግራቸውን ሊታከሙ ሴት ልጃቸው ዘንድ ኮምቦልቻ ወረዱ። «ትርፍራፊ ብቻ ጣይለት፤ ሌላ አላስቸግርሽም» አሏት። ባሏ የሞተ ጊዜ ከደጇ ያልተለዩ ሰው ናቸውና እምቢ ማለት አልሆነላትም።

ዳማ የሰጠችውን ሳይነካ አደረ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ወጡ ሻግቶ ሸተተ፤ ዝንብ ሰፈረበት። ውሻው ከግድግዳው ሥር ተዘርግቶ ዓይኑን ብቻ ያንከባልላል። የግቢው በር ሲንኳኳ እንኳ አይነሳም። ለጋሽ ፈንታሁን ደወለች።

«ናፍቆት ነው» አሉ፣ ደስ ያላቸው ይመስላል። «እኔን ካላየ አይበላም።»

ሳህኑን ልታነሳ ስትጎነበስ ዳማ ጭንቅላቱን አራገፈ። የጉሎ ፍሬ የሚያክል ግራጫ ነገር እግሯ ሥር ወደቀና መራመድ ጀመረ። ሳታስበው ረገጠችው። ፈንድቶ ጥቁር ደም ጫማዋ ላይ ተረጨ። አጥሩን ተደግፋ አስመለሳት።

አፏን ተጉመጥምጣ ስትመለስ በእንጨት ጆሮውን ገለጠችው። ውስጡ በመዥገር ተሞልቷል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ አብጦ። «አስተግፊሩላህ» አለች፤ ወዲያው የእንስሳት ሐኪሙን ደሳለውን አስጠራች።

ደሳለው የውሻውን ከንፈር ገልጦ ድዱን አሳያት። ነጭ ነው።

«ናፍቆት አይደለም እትዬ። ደሙን መጥጠው ጨርሰውታል፤ በሽታም ሳያስተላልፉበት አልቀሩም። ድካሙም አለመብላቱም ከዚያ ነው።»

መርፌ ወጋው፣ የሚዋጥ ኪኒን ሰጣት። የቀሩትን መዥገሮች በወረንጦ እየነቀለች አልኮል ውስጥ እንድትጥል፣ በጣቷ እንዳታፈርጣቸው አስጠነቀቃት።

«ሌላ ሰው ቢሠራው አይሆንም?»

«ማን አለ?»

ጓንት አጥልቃ፣ አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ነቀለች። እያንዳንዱ ሲላቀቅ ሰውነቷ ይሰቀጥጣል። ምራቁ የነካትን ክንዷን እንደ እምነቷ ሥርዓት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ታጥባለች። ምሳ ስትቀርብ መዥገሮቹ ዓይኗ ላይ እየመጡ እጇን ታነሳለች።

በአምስተኛው ቀን ዳማ ኪኒኑ የተደበቀበትን ጉበት በላ። ሲልስ የሚያሰማው ድምፅ አስጠላት፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ቆማ አየችው።

ጋሽ ፈንታሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ዳማ ዘሎ ተቀበላቸው።

«ናፍቆት ነው አላልኩሽም?»

ከሪማ ገብታ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። «ናፍቆትዎ ይኸው፤ ይመልከቱት» አለቻቸው። አልኮሉ ውስጥ መዥገሮቹ ጠቁረው ተከምረዋል። «ልጄ ነው ይላሉ፤ ጆሮውን አንድ ቀን ገልጠው አይተዋል? ወላሂ፣ ከውሻው ይልቅ እርስዎ አስጠሉኝ።»

ሽማግሌው ብልቃጡን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ዳብሼዋለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ኪንታሮት መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ደክሟል፣ ከሪማ።»

ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ጠዋት እሳቸው የዳማን ጭንቅላት ይይዛሉ፤ እሷ ፊቷን አጨማድዳ ጆሮውን ትፈትሻለች። አንድ መዥገር ካገኘች እስክትጨርስ ታጉረመርማለች፤ ጋሽ ፈንታሁንም የአልኮሉን ብልቃጥ ከፍተው ያቀርቡላታል።