«ወባ ነው» እያልኩ የደበቅኋት ልጄ

ይህ የሆነው ካቻምና ጥቅምት ላይ፣ የሰሊጥ አጨዳ በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው በአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ስለተረታሁ ነው። መረታት የማልወድ ሰው መሆኔን ደግሞ በከተማችን በገንዳ ውሃ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

የመጀመሪያ ልጄ ማስተዋል ትባላለች። ከክፍሏ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሳትወጣ የቀረችበት ዓመት አልነበረም። በዚያ ክረምት ግን ልጅቷ ተለወጠችብን። እንቅልፍ አጣች። ምግብ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ» ትላለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት አልሄድም አለች። ብቻዋን ተቀምጣ ከሰው ጋር እንደሚያወራ ሰው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እናቷ ጥሩወርቅ እያየቻት ታለቅሳለች፤ እኔ እቆጣለሁ። ስጨነቅ መቆጣት የቆየ አመሌ ነው።

ለጎረቤት «ወባ ነው» አልን። በእኛ ቆላ ይህች ቃል የማትሸፍነው ነገር የለም። ራሱን ያመመውም፣ የደከመውም፣ ከሚስቱ የተጣላውም ሳይቀር ወባ ነው ይላል፤ ደግሞ የሚጠይቅ የለም።

ጉዱ፣ ውሸቴን እኔው ራሴ አመንኩት። ጤና ጣቢያ ወስጃት ደሟ ተመርምሮ ወባ የለባትም ሲሉኝ ምርመራውን ተጠራጠርኩ። የወባ ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ፊቷ ቆሜ አስዋጥኋት። አንድ ጊዜ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ነው ያደረግሁት። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ትተኛለች፣ እኔ ደጅ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ ወባዋ አወራለሁ። ለካ ሁሉንም ትሰማ ኖሯል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እርሻ ላይ ሳለሁ ጥሩወርቅ ደወለች። ማስተዋል ከቤት ወጥታ ጠፍታለች። ሁሉን ጥዬ ስመጣ አንድ የማላውቀው የባጃጅ ሹፌር አድርሷት አገኘሁ። ከከተማው ርቃ፣ በዚያ ሐሩር፣ በመተማ ዮሐንስ መንገድ በባዶ እግሯ ስትሄድ ነው ያገኛት። ውስጥ እግሯ በአስፋልቱ ሙቀት ውኃ ቋጥሯል። ወዴት ነበር ስላት «ጠርተውኝ ነው» አለች። ማን ስላት ፊቷን አዞረች።

ያን ጊዜ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰሊጥ በቀኑ ካልታጨደ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ባለቤቱ በዚያ ሰሞን ከማሳው ንቅንቅ አይልም። የአጫጆቹ አለቃ ግን፣ ከጎጃም በየዓመቱ የሚመጣ ጎልማሳ ነው፣ ልጅህን ይዘህ ሂድ፣ ሰሊጡን እንደ ራሳችን እናየዋለን አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ሦስታችን ወደ ጎንደር ተሳፈርን። መናኸሪያ ያገኘኝ ሁሉ ወዴት ነው ሲለኝ ወባው ጠንቶባት ነው አልኩ። አመል ሆኖብኛል።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ማስተዋልን ለብቻዋ ረጅም ሰዓት አነጋገረቻትና እኛን አስጠራችን። የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ መታከም እንደሚችል፣ መድኃኒቱ እስኪስማማት ግን ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ተኝታ ብትታከም እንደሚሻል አስረዳችን።

እምቢ አልኩ። መድኃኒቱን ስጡንና እቤታችን እንሰጣታለን፤ ጸበልም እናስጠምቃታለን አልኩ። ሐኪሟ ጸበሉን አልተቃወመችም፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ አደራ አለች። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር ከተባለ ማን ያቀርባታል፣ ነገስ ማን ያገባታል ብዬ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከእሷ ይልቅ ለራሴ ስም ነበር የሰጋሁት። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

ሐኪሟ ወደ ልጄ ዞራ አንቺስ ምን ትያለሽ አለቻት። እኔ ይህን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ማስተዋል ቀና ብላ አየችኝ።

«አባየ፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ» አለችኝ። «የሚጠሩኝን ድምፆች እቤት ለማን እነግራለሁ? አንተ ወባ ነው ትላለህ። እዚህ ስነግራቸው ይጽፉታል።»

ያን ሁሉ ወር ከምን ጋር ብቻዋን ስትታገል እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ፤ ሐፍረቴ ሳይለቀኝ ደግሞ ኮራሁባት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልደፈርኩትን ቃል ልጄ ሐኪም ፊት ተናገረችው። የመተኛዋን ወረቀት ፈረምኩ። እናቷ አስታማሚ ሆና ቀረች፣ እኔ ወደ ማሳዬ ተመለስኩ።

ሳምንታቱ ቀላል አልነበሩም። መጀመሪያ ልጠይቃት ስሄድ መድኃኒቱ አፍዝዟት አንድ ቃል ሳታወጣ ተለያየን፤ ገንዳ ውሃ እስክደርስ ራሴን ስረግም መጣሁ። አንድ ቀን ደግሞ በስልክ አውጡኝ ብላ አለቀሰች። ልምጣና ልውሰድሽ ወይ አልኳት። «አይ፣ ዛሬ ከፍቶኝ ነው። ነገ ደውል» አለችኝ። በማግስቱ ስደውል እዚያ ከተዋወቀቻት ልጅ ጋር ሹሩባ እየተሠራሩ ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ ጎረቤቱ እንኳን ማረሽ ሊል ተሰበሰበ። አንዱ ወባው ለቀቃት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ወባ አልነበረም። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ጎንደር ተኝታ ታክማ ነው የመጣች» አልኩ። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ተነስታ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን መምጣት የተዉ አሉ፤ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ተውኩት።

ዛሬ ማስተዋል አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ክኒኗን ማንም ሳያስታውሳት ትወስዳለች። ድምፆቹ አልፎ አልፎ ይመጡባታል፤ ሲመጡ ትነግረናለች፣ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ወደ ሐኪሟ እንሄዳለን።

በቅርቡ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከገለጉ ከተማ በጭነት መኪና መጥታ ቤቴን አጠያይቃ አገኘችኝ። ልጅቷ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች። እናትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ልጅዎን ሆስፒታል ያስተኟት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «እኔማ እምቢ ብዬ ነበር። እዚያ እቆያለሁ ያለችው ልጄ ራሷ ናት። ግቡ፣ እሷው ትንገራችሁ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ይስማ።