ወልዴ እና «ሊቀመንበር» ያልነው ዳገት

ጠዋት ልጄ ሶስና ደውላ «አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» ስትለኝ «ቆሜ መች አውቃለሁ!» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። «ጋሽ ወልዴ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

አላመንኩም። ሌላ ወልዴ ነው አልኳት። ኮልፌ ውስጥ ስንት ወልዴ አለ! ሐሙስ ዕለት እኮ ደጄ ድረስ መጥቶ «አንተ ሽማግሌ፣ ጉልበትህ አለ ወይስ ሸጥከው?» ብሎኝ ነው የሄደው። በሦስት ወር የሚበልጠኝ እሱ፣ ሽማግሌ የሚባለው ግን እኔ።

እውነት ሆነ። ልብስ ሰፊው ወልዴ፣ ጓደኛዬ ወልዴ፣ ዐረፈ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ሰፈርተኛው ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ፣ እኔና ወልዴ ሾልከን ጫካ ነበር የምንሄደው። ከኮልፌ በከተማ አውቶብስ እስከ አስኮ፣ ከዚያ በሳንሱሲ በኩል የሚያልፈውን የሆለታ አውቶብስ ይዘን መናገሻ ላይ ዱብ። ከአስፋልቱ ለቀን በእግር ወደ ጥዱ ውስጥ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ቁልቁል ያዩናል። ወልዴ ቀና ብሎ «የታደሉ! እነዚህ ስብሰባ የለባቸውም» ይላል።

ኩራተኛ ነው፤ ዳገት ላይ ቢሞት «ደከመኝ» አይልም። ልክ አውቶብስ ውስጥ እንዳለ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህና ድንጋይ ላይ ዘፍ ይላል።

«እዚህ ፌርማታ የለም!» እላለሁ እኔ፣ ሾፌር ሆኜ።

«አንተ ጋ መቼ ፌርማታ ኖሮ ያውቃል!» ይለኛል እያለከለከ።

እኔ ደግሞ አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። የምንሄድባቸውን መንገዶች ከደብተር በገነጠልኩት ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ እርሳስ ሣልኳቸው። ስምም አወጣሁላቸው። ቀስ ተብሎ የሚኬድባት «ሙሽሪት»፣ የሚያዳልጠው «ምላስ»፣ ያ ቀጥ ያለው ክፉ ዳገት ደግሞ «ሊቀመንበር»። ወልዴ ለምን ቢለኝ «አንዴ ከተወጣ መውረድ የሚባል ነገር የለማ!» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወረቀቷንም ኮቱ ውስጥ ራሱ በሰፋት የምስጢር ኪስ ከተታት።

አንድ የኅዳር እሁድ መንገድ ዳር ቆመን የመመለሻ አውቶብስ ስንጠብቅ ታጣቂዎች ፈተሹን። የወልዴ ስፌት አይታማም፤ የአንደኛው ታጣቂ ጣት ግን ባሰ። ወረቀቷ ወጣች። ጮክ ብሎ አነበባት።

«ወደ ሊቀመንበር፣ በጀርባ በኩል። ሁለት ሰዓት። ሊቀመንበር ጋ ገደል አለ።»

እኔ የጻፍኩት የእግር መንገዱ የሚፈጀውን ጊዜ ነበር። እነሱ ቀጠሮ አነበቡ። በዚያ ዘመን ደግሞ አገሪቱም ሊቀመንበር ነበራት፣ ቀበሌውም፣ የገበሬ ማኅበሩም። የቀረው ጥያቄ የትኛውን ልትገድሉ ነበር የሚለው ብቻ ነው።

«ይሄን የጻፈ ማነው?»

እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሰውዬ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ሚስቴ ሶስናን ከወለደች ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ወልዴ።

«በል እዚህ ላይ ጻፍ» ብለው እርሳስ ሰጡት።

ወልዴ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው። አስተማሪው እኔ ነበርኩ። «ሊ»ው የእኔ «ሊ»፣ «ቀ»ው የእኔ «ቀ»፤ ቁርጥ የእኔ እጅ ጽሑፍ። ምነው ሌላ ሰው ባስተማረው ኖሮ አልኩ። ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አመሳስሎ ሲጽፍልኝ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቅልል አለኝ። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ሲወስዱት ዞር ብሎ «ወራጅ አለ! አንተ ቀጥል፣ አራስ ትጠብቅሃለች» አለኝ። ታጣቂዎቹ ሳቁ። ወይ ጉዴ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። አውቶብሱ መጣ። ተሳፈርኩ።

ወልዴ ከጥምቀት በኋላ ተፈታ። የውስጥ እግሩን ገርፈውት ስለነበር ከዚያ ወዲህ ዳገት አልወጣም። የስፌት መኪናውንም በግራ እግሩ ብቻ ነበር የሚረግጠው።

የወልዴ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። አባታችን ለምን ያነክሳል ስትሉኝ «ካርታ ሣልኩ ብሎ ቀብጦ!» እያልኩ ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ «ጓድ ሊቀመንበር» እያልኩ ሰፈሩን በሙሉ አሳቅኩበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ አንድ ቀን እንኳን «ያንተ ነው» አላለም። ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ። ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሶስናዬ፣ አንቺም ስሚ። አባት ይዘሽ ያደግሽው በእሱ እግር ነው።

ወልዴ፣ ነገ ቀራንዮ መድኃኔዓለም እሸኝሃለሁ። ዳገቱን ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ፤ አንተን የሚሸከሙ ወጣቶች አሉ፣ እኔ ግን ተሸካሚ የለኝምና ታገሠኝ። አፈሩ ይቅለልህ።

ይቅርታ ልጠይቅህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ሱሪህ ረዝሟል፣ ላሳጥርልህ?» እያልክ ታቋርጠኝ ነበር። ይኸው ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ጀምሬ ጨረስኩት።

ይቅር በለኝ። ደህና ሁን ወንድሜ።

ምነው ዛሬም ባቋረጥከኝ።